«ተፈጥሯዊ» የሚለው እርጎ፣ ቅጠል ያለበት ቆርቆሮና የገራዶ ወተት

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ የምትኖር አንባቢያችን የላከችልኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉኝ። እህቴ ጅዳ ነው የምትሠራው። ሰሞኑን በሰው ትልቅ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ላከችልኝ። ላዩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አለበት። ‹ኦርጋኒክ ነው፣ ለልጆቹ ብቻ አድርጊው› ብላኛለች። ፒያሳ ያለ አንድ ሱፐርማርኬት ደግሞ ‹መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ› የሚል እርጎ ይሸጣል። ዋጋው የሌላው እጥፍ ነው። ባለቤቴ ‹ወተት ከላም እንጂ ከሱቅ አይገኝም› ብሎ ከገራዶ በኩል የሚመጣ ወተት አስለምዶናል። አማቴ ደግሞ ጽሑፍ ሳነብ ባዩኝ ቁጥር ‹የኛ አገር ሁሉም ኦርጋኒክ ነው፣ ምን ታገላብጫለሽ?› ይሉኛል። ሥጋውም እንደዚሁ ግራ አጋብቶኛል። ሳይተርፈኝ ለማይረባ ነገር ብር እንዳላወጣ፣ ቆጥቤም ልጆቼን እንዳልጎዳ ፈራሁ። የቱን ልመን?»

እህት ዓለም፣ አብሽሪ። ብር ቆጥሮ ለሚገዛ ሰው ይሄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። እኔም ኮምቦልቻ ተወልጄ ደሴ ልጅ ያሳደግኩ ነኝና ጭንቀትሽ ይገባኛል።

መልሱን ሳላቆይ ልንገርሽ። «ተፈጥሯዊ» ለሚል ቃል እጥፍ አትክፈይ። «ኦርጋኒክ» የሚለው ማረጋገጫ ካለው ትርጉም አለው፤ ከሌለው ወረቀት ላይ የፈሰሰ ቀለም ነው። የልጆችሽ ጤና ግን በዋናነት የተያዘው ወተቱን በሚያመጣላችሁ ሰው እጅና በምድጃሽ ላይ ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ እርጎው። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ስለ ከብቷ ኑሮ ምንም አይናገርም። አሜሪካን ብንወስድ፣ ሥጋ ላይ ይህ ቃል ሲጻፍ ሰው ሠራሽ ነገርና ቀለም አልተጨመረበትም፣ ሥጋውም ብዙ አልተነካካም ማለት ብቻ ነው። በሬው ምን በላ? ስንት ጊዜ መርፌ ተወጋ? ሜዳ አይቷል ወይስ ዕድሜውን በረት ቆሞ ጨረሰ? ቃሉ ለእነዚህ መልስ የለውም። እርጎ ላይ ሲሆንማ ጭራሽ ባዶ ነው። ተራ እርጎ ወተትና እርሾ ነው። ስኳር፣ የፍራፍሬ ቃና ወይም ሌላ ነገር ካልገባበት ሁሉም እርጎ ተፈጥሯዊ ነው። ዕቃውን ገልብጪና ከምን እንደተሠራ አንብቢ። ወተትና እርሾ ብቻ ከሆነ፣ አጠገቡ በግማሽ ዋጋ ከተቀመጠው ተራ እርጎ አይለይም።

ከቃሉ ይልቅ ማቀዝቀዣውን እዪ። ደሴ መብራት ሲሄድ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አንቺም እኔም እናውቃለን። ክዳኑ ያበጠ ወይም ስትነኪው የማይቀዘቅዝ እርጎ ምንም ቢጻፍበት አትግዢው። ቀኑንም ስታዪ ተጠንቀቂ። ከውጭ የመጣ ዕቃ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። ዓመተ ምሕረቱን ሁላችንም እንለየዋለን፤ የሚያሳስተው የወሩ ቁጥር ነው። እነሱ ጋ 1 ማለት መስከረም ሳይሆን ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ጥር ውስጥ የሚያልቀው ወራቸው ነው። በዚህ ስሌት ያለፈበትን ዕቃ ገና ነው ብሎ የሚገዛ ሰው አይቻለሁ።

«ኦርጋኒክ» ሌላ ነገር ነው። ውጭ አገር ቃሉ በሕግ የታሰረ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የላሟ መኖ ራሱ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ የበቀለ መሆን አለበት። የዕድገት ሆርሞን አትወጋም። በዓመት ቢያንስ 120 ቀን ሜዳ ወጥታ መጋጥ አለባት። ታማ አንቲባዮቲክ ከተሰጣት ትታከማለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ወተቷም ሥጋዋም በኦርጋኒክ ስም አይሸጥም። ተራ የነበረ የወተት እርባታ ልለወጥ ካለ ላሞቹ 12 ወር በደንቡ መኖር አለባቸው። አውሮፓ ትንሽ ይለያል። እዚያ የታመመች ላም መድኃኒት ወስዳ ልትመለስ ትችላለች፤ ወተቷ እስኪሸጥ የሚጠበቀው ጊዜ ግን ከተለመደው እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያይ መርማሪ በየዓመቱ ይመጣል፤ መዝገብ ያገላብጣል። የዋጋው ጭማሪ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ነው።

እኛም ሕግ አለን። የኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። ማረጋገጫው ግን በአብዛኛው የሚሠራው ወደ ውጭ ለሚላክ ቡና፣ ማርና ሰሊጥ ነው። እኔ በበኩሌ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሱቅ ውስጥ ማረጋገጫ ያለው የአገር ውስጥ ኦርጋኒክ ወተት ገጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ሻጩ «ኦርጋኒክ ነው» ካለሽ «ማን አረጋገጠው?» ብለሽ ጠይቂው። ነውር የለውም። ብሩ ያንቺ ነው።

ኦርጋኒክ ወተት በምግብነቱ ይበልጣል ወይ ብትዪኝ፣ ትንሽ ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ወጥቶ ነበር። ኦርጋኒክ ወተትና ሥጋ ውስጥ ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ቅባት በ50 በመቶ ገደማ ይበልጣል ይላል። ምክንያቱ በዋናነት ሣሩ ነው። ሣር የምትግጥ ላም ማኅተም ኖራትም አልኖራትም ወተቷ እንደዚያ ይሆናል። ግን ወተት ውስጥ ያለው ኦሜጋ 3 መጀመሪያውኑ ጥቂት ነው። ለልጆችሽ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ብታጠጪያቸው ከዚያ ሁሉ ይበልጣል። ያው ሥራ ኦርጋኒክ ወተት አዮዲኑ ያነሰ መሆኑንም አሳይቷል። አዮዲን ሲያንስ የሚመጣውን እንቅርት ለሚያውቅ ለእንደኛ ዓይነቱ ደጋ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አዮዲን ያለው ጨው ከቤትሽ አይጥፋ።

አሁን ጅዳ ያለችው እህትሽ የላከችውን ቆርቆሮ አምጪው። አረንጓዴ ቅጠልና ሣር የምትግጥ ላም ማንም ይስላል። የአውሮፓው ማኅተም አረንጓዴ መደብ ላይ በ12 ነጫጭ ከዋክብት የተሠራ ቅጠል ነው። አጠገቡ ኮድ አለ። መጀመሪያ የአገሩ ሁለት ፊደል፣ ቀጥሎ እንደ «ባዮ»፣ «ኢኮ» ወይም «ኦርግ» ያለ አጭር ቃል፣ ከዚያ ቁጥር። የአሜሪካው ክብ ነው፤ ውስጡ «ዩኤስዲኤ ኦርጋኒክ» ይላል። ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው አላቸው። የትኛውም ይሁን፣ ያረጋገጠው ድርጅት ስም ወይም ቁጥር ቆርቆሮው ላይ መኖር አለበት። ፈልገሽ ካጣሽ ቅጠሉ ጌጥ ነው።

ከዚያ በላይ ግን ጀርባውን እንድታነቢ እለምንሻለሁ። የወተቱ ቅባት ወጥቶ በፓልም ዘይት የተተካ ዱቄት ገበያ ላይ ሞልቷል። ቀለሙ ወተት ነው፤ ሲበጠበጥም ወተት ይመስላል። ዝርዝሩ ላይ «የአትክልት ስብ» ወይም «ፓልም» የሚል ካየሽ የያዝሽው ሙሉ ወተት አይደለም። ስኳር የተጨመረበትም አለ። እህትሽ ደክማ ባገኘችው ብር ነው የምትገዛው። ምን ብላ መግዛት እንዳለባት ብትነግሪያት እሷንም ትጠቅሚያታለሽ። «ሙሉ የላም ወተት ዱቄት፣ ሌላ ምንም ያልገባበት» በያት። ኦርጋኒክ ባይሆንም ግድ የለም።

በነገራችን ላይ፣ ወራት የሚቆየውን የካርቶን ወተት «መድኃኒት ገብቶበት ነው የማይበላሸው» የሚሉ ብዙ ናቸው። መድኃኒት አይደለም። ለጥቂት ሰከንድ ከ135 ዲግሪ በላይ ይሞቅና ጀርም በሌለበት ካርቶን ይታሸጋል። እስኪከፈት ድረስ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ወደ አማትሽ ልምጣ። እናት ናቸውና ቃላቸውን በአክብሮት ነው የምይዘው። እውነት አላቸው፤ ያወቁት ዘመን ግን አልፏል። ያኔ ላም ጦሳ ሥር ሣር ግጣ፣ ማታ ጭድ በልታ፣ በወይራ በታጠነ ዕቃ ትታለብ ነበር። ዛሬ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወተት የሚሰጡት አብዛኞቹ የተዳቀሉ ላሞች ናቸው። የሚበሉት ፉርሽካ፣ ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚተርፈው ፋጉሎና ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣ አተላ ነው። ከበረት የማይወጡም ብዙ ናቸው። አርቢዎቹን አልወቅስም። እንዲህ ባይለፉ ለከተማው ወተት አይዳረስም። ኦርጋኒክ ግን አይባልም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጅ ሆኜ ኮምቦልቻ ቤታችን አንዲት ላም ነበረችን። አንድ ክረምት ጡቷን ታመመች። ሐኪም መጥቶ መርፌ ወጋት። በማግስቱ ጠዋት እኔው ራሴ ወተቱን ይዤ ለደንበኞቻችን አደረስኩ። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። መድኃኒቱ ከላሟ ሰውነት እስኪወጣ ወተቷ መደፋት እንዳለበት የነገራት ሰው አልነበረም። ከደንበኞቻችን አንዷ አራስ ነበረች። ካደግኩ በኋላ ነገሩን ሳውቅ በጣም አዘንኩ። ያ ወተት ከራሳችን ላም፣ ከራሳችን ግቢ የወጣ ነበር። «የሀበሻ» ነበር። ግን መድኃኒት ነበረበት።

የሚጠበቀው ቀን እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል። ወተቱን ማፍላት መድኃኒቱን አያጠፋውም። ቤት ውስጥ አንድ ምልክት ልትይዢ ትችያለሽ። ሁልጊዜ የሚረጋልሽ ወተት አንድ ቀን አልረጋም ቢል ጠርጥሪ፤ አንቲባዮቲክ እርሾውን ይገድለዋል። የደሴ ብርድም እርጎ ያዘገያልና በአንድ ቀን ሰው አትፍረጂ። ብቻ ወተት አምጪውን ጠይቂው፤ «ላሟ ታማ ነበር?» በዪው።

ሌላው የፋጉሎው ጉዳይ ነው። እርጥበት የነካው ፋጉሎ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ መርዙ በላሟ በኩል ወተት ውስጥ ይገባል። ብዙ ዓመት ከተወሰደ ጉበት የሚጎዳ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ዙሪያ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ላይ የተደረገ ምርመራ ሁሉም ውስጥ አግኝቶታል። አውሮፓ ያስቀመጠችውን ጥብቅ ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ይሄም በማፍላት አይጠፋም። ኦርጋኒክ የሚል ማኅተምም ብቻውን አይከላከለውም፤ ሻጋታ ማኅተም አያይም። የሚከላከለው ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ደረቅ ቦታ የሚያስቀምጥ፣ የሸተተውን ለላሟ የማይሰጥ አርቢ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር፣ አንድ ቅዳሜ ከባለቤትሽ ጋር ገራዶ ውረዱ። በረቱን እዩት። መኖው የት ነው የተቀመጠው? የሚያልበው ሰው እጁንና ጡቷን ይታጠባል? ወተቱ የሚጓዘው በምንድን ነው? አፉ ጠባብ የሆነ የላስቲክ ጀሪካን ውስጡ አይታጠብም፤ አፉ ሰፊ የሆነ የብረት ዕቃ ይሻላል። ላሞቹ ለሳንባ ነቀርሳና ለውርጃ በሽታ ተመርምረው ያውቃሉ? ሰውየው ሳይከፋ ከመለሰልሽ፣ አብሮሽ ገብቶ ካሳየሽ፣ ያ ሰው ለኔ ከየትኛውም ማኅተም ይበልጥብኛል። ለሱ ትንሽ ጨምሪለት። በ«ተፈጥሯዊ» እርጎ ላይ ልታወጪው የነበረውን ብር ለሱ ስጪው።

ያም ሆኖ ወተቱ ሳይፈላ ልጆችሽ አፍ እንዳይገባ። በዚህ ላይ አልደራደርም። የላም ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የሚባለው የውርጃ በሽታ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። ብሩሴሎሲስ የያዘው ሰው ወራት ሙሉ ትኩሳትና ቁርጥማት ይመላለስበታል፤ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እየተባለም ይንገላታል። ጤነኛ የምትመስል፣ ሣር ብቻ የምትግጥ ላምም ልትይዘው ትችላለች። ገንፍሎ ሲነሳ ወዲያው አታውርጂው። እሳቱን ቀንሰሽ እያማሰልሽ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆዪው። ፋብሪካዎች 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ነው የሚያሞቁት፤ የአንቺ ከበቂ በላይ ነው።

እርጎ ላይ ግን ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ወተቱን አፍልተን እናጠጣለን፣ እርጎውን ግን ከጥሬ ወተት እናረጋለን። መርጋቱ ጀርሙን ሁሉ አይገድልም። ወተቱን አፍዪው፣ ለብ እስኪል አብርጂው፣ ከዚያ እርሾ ጨምሪበትና በጋቢ ጠቅልለሽ አሳድሪው። እርሾው ከየት ይምጣ? ከሱፐርማርኬቱ። ስኳር የሌለበትን ርካሹን ተራ እርጎ አንድ ኩባያ ግዢ። ሁለት ማንኪያ ለአንድ ሊትር ይበቃል። ከዚያ ከራስሽ እርጎ እየቀነስሽ ጥቂት ዙር ትቀጥያለሽ። ጣዕሙ ሲለወጥ አዲስ ትገዣለሽ።

ሥጋ ላይ ነገሩ ያው ነው፤ የኛ አገር ችግር ግን ሌላ ነው። አሜሪካኖች በሥጋ ከብት ሆርሞን ይጨነቃሉ፤ እዚያ ስለሚፈቀድ ልክ ናቸው። የኛ የድሮ ጠላት ኮሶ ነው። ኮሶ ደግሞ በተፈጥሯዊ ግጦሽ ነው በሬው ውስጥ የሚገባው፤ የሰው ዓይነ ምድር የነካውን ሣር ሲበላ። «ሜዳ የዋለ በሬ ነው» የሚለው ውዳሴ ከዚህ አያድንም። የሚያድነው ቄራ ላይ ሥጋውን የሚቆራርጥና የሚያይ መርማሪ፣ የሚያትመው ማኅተም፣ ከዚያም እሳት ነው። ሥጋ ቤት ስትገቢ ማኅተሙን አሳዩኝ በይ። ቅርጫ ከሆነ መርማሪ የለም፤ ተካፋዮቹ ተዋጥታችሁ የእንስሳት ሐኪም አስጠሩ። ለልጆች ጥሬም ለብለብም ይቅር።

እኛ ወሎዎች አንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ስላለን ይህንንም ልጨምር። ሐላል የሚለው ማኅተም ትልቅ ነገር ይናገራል፤ እንስሳው የተፈቀደ መሆኑንና አስተራረዱን። ስለ መኖውና ስለ መድኃኒቱ ግን ከኦርጋኒክ ማረጋገጫ ጋር አንድ አይደለም። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሁለቱንም የምትፈልጊ ከሆነ ሁለቱንም ፈልጊ።

እንቁላሉን ባትጠይቂኝም፣ የሀበሻ እንቁላል አስኳሉ ደማቅ የሚሆነው ዶሮዋ ቅጠልና ሣር ስለምትለቅም ነው። ጣዕሙን ከወደድሽው ግዢው። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ለልጆችሽ መጥፎ ነው ብለሽ ግን አትስጊ። በአንዱ የሀበሻ እንቁላል ዋጋ ሁለት የፈረንጅ የሚገዛ ከሆነ ሁለቱን አብልያቸው።

ለአማትሽም መልስ አትስጪ። ይዘሻቸው ገራዶ ውረጂ። ላም አልበው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ጡቷን ዳስሰው፣ ፋጉሎውን አሽትተው የሚያውቁት እኔም አንቺም የማናውቀው ብዙ አለ። የቆርቆሮውን ጀርባ ደግሞ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ምን እንደተጻፈበት አብረን እናየዋለን።